የደብረ ማርቆስ ወጣት ቅዳሜና እሑድን ወዴት ይዋል?

ዓርብ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በደብረ ማርቆስ መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ከወጣት ሠራተኞች አፍ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «ለነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አለ ወይ?» የሚለው ነው። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅዳሜ ጧት የተነሣ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ ከዘመድ ቤት አንድ ሌሊት አድሮ እሑድ በማለዳ ይመለሳል፤ ሰኞም ዐይኑ ቀልቶ፣ ወገቡን እያሸ ከጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል። መሄድ ያልቻለው ደግሞ ሁለቱን ቀን ከቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን እያየ፣ ማታ ማታም የእንግሊዝ አገር ኳስ እየተመለከተ ያሳልፋል። ሁለቱም ሰኞ ዕለት «ዕረፍት እንዴት ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ምን ዕረፍት አለ! ማርቆስ ምን የሚታይ ነገር አለና!» ይላሉ።

ለዚህ አነጋገር ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የባሕር ነገር ነው። የባሕር ዳር ወጣት ጣና በደጁ ነው፤ ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ ይሻገራል። የሐዋሳው ከሐይቁ ዳር ዓሣውን ይበላል። ወደብ ባላቸው የዓለም ከተሞች የሚኖር ሠራተኛም እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ወደ አሸዋው ይወርዳል። «እኛ ግን ከደጋ ላይ ተሰቅለን ቀረን» ይላል የእኛ ወጣት። ነገር ግን ካርታውን አውጥቶ ቢመለከት ጎጃም በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ በዓባይ የተከበበ፣ ልሳነ ምድር የሚመስል አገር መሆኑን ያያል። ዳርቻ የሌለው አገር አይደለም፤ ዳርቻው ገደል ሆነበት እንጂ። ባሕሩም ቢሆን ከእኛ ዘንድ ጨርሶ አልጠፋም፤ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ካልተበላሸ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። ከደጀን አለፍ ሲሉ ሜዳው በድንገት ያልቅና የዓባይ በረሃ ይከፈታል። ከዚያ ተነሥቶ ማዶ ጎሐ ጽዮን እስኪደርሱ መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥምዝምዝ ሲሆን፣ እስከ ድልድዩ ያለው ግማሹ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። የመልክዓ ምድር ተማሪ በክፍሉ ውስጥ በሥዕል ያየውን ሁሉ እዚህ ቁሞ በጣቱ ሊነካው ይችላል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። ከዚያ በታች ነጣ ብሎ በመደብ በመደብ የተደረደረው የኖራ ድንጋይ ነው። ይኸ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ባሕር ይህን አገር ሸፍኖት በነበረ ጊዜ ከባሕሩ ወለል ላይ የተጋገረ ነው፤ አስተውሎ የሚፈልግ ሰው የባሕር እንስሳት ቅርፊት በውስጡ ያገኛል። ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ስለዚህ ማርቆስ ባሕር የለውም ብሎ የሚያዝን ወጣት በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ የባሕር ወለል እንዳለው ይወቅ። ውሃው ብቻ ነው የጎደለው።

ከታች ሲደርሱ ሙቀቱ ሌላ ነው። ጧት በጋቢ የወጣ ሰው ኮቱን አውልቆ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ጥላ ይፈልጋል። ጤፉና ስንዴው ቀርቶ ማሽላ ይታያል፤ ዝንጀሮ ከመንገዱ ዳር ተሰልፎ መንገደኛን ይመለከታል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በዚህ ሥፍራ ነው፤ አሮጌውም ድልድይ ከጎኑ አለ። ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ ሌላ ያስባል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ከዚያ ተነሥተው ይህንኑ ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡት በዚህ በኩል ነው። ድልድዩን ፎቶግራፍ ማንሣት የሚፈልግ አስቀድሞ ጠባቂውን ይጠይቅ። ኪሱ ለመውረድ የማይፈቅድለትም አይዘን፤ ከደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ማየቱ ብቻ የአንድ እሑድ ዋጋ አለው። በእኛ አስተያየት እንዲያውም ከላይ የሚታየው ከታች ከሚታየው ይበልጣል።

እንግዲህ ይህ ወደ ታች ነው። ወደ ላይ መውጣት ለሚፈልግ ጮቄ አለ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ድጓ ጽዮንና ወደ ሞጣ የሚያልፈው መንገድ ተራራውን ሽቅብ ይዞ ይሄዳል፤ ሮብ ገበያ ራሷ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነደደ እሳተ ገሞራ ሲሆን ዛሬ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የዓባይን ወለል አንድ ሺህ ሜትር ግድም ብንለው፣ የማርቆስ ሰው ቅዳሜ ወደ በረሃው ወርዶ እሑድ ጮቄን ቢወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ አየ ማለት ነው። ቆላውን፣ ወይና ደጋውን፣ ደጋውንና ውርጩን በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያይ ሰው በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ከጮቄ አናት ላይ ያለው ተክል ለዐይን እንግዳ ነው። አስታው ከነሽበቱ፣ ጓሳው ከነጤዛው፣ ከሁሉም በላይ ጅብራው አለ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ረጅም አበባ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። በሕይወቱ ሁለተኛ አያብብም። ስለዚህ አበባውን ለጌጥ የሚቆርጥ ሰው የቆረጠው አበባ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር የጮቄን መንደር መርጦ መመዝገቡን ብዙ የማርቆስ ወጣት የሰማው ከሬዲዮ ነው። የውጭ ሰው ከባሕር ማዶ ተነሥቶ የሚመጣበትን ተራራ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት እያየ አንድ ቀን እንኳ ያልወጣበት ሠራተኛ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ብዙ ናቸው፤ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ ጨሞጋ እያለ ስማቸው ይቀጥላል፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለከተማችን የሚቀርበው ጨሞጋ ነው። የመልክዓ ምድር ሊቁ ወልደ አምላክ በውቀት ይህንን የጨሞጋን ተፋሰስ በ1957 እና በ1982 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎችና በ1998 እ.ኤ.አ. ከሳተላይት በተነሣ ምስል አመሳክረው አጥንተውታል። ያገኙትም ለብዙ ሰው የማይጠበቅ ነበር፤ በዛፍ የተሸፈነው መሬት በነዚያ ዓመታት ጥቂት ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን ገበሬው በየቤቱ ዙሪያ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ከሌላ ባለሞያ ጋር ሆነው ባወጡት ሁለተኛ ጥናት ደግሞ ከ1960 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ የጨሞጋ የበጋ ውሃ እያነሰ መሄዱን አሳይተዋል። ይኸን ጥናት በክፍል ያነበበ ተማሪ እሑድ ዕለት በእግሩ ጨሞጋ ወርዶ ወንዙን ቢመለከት ያነበበው ሁሉ ሌላ ሆኖ ይታየዋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ውሃ የሚያገኘው ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ወንዞች ነው፤ ደለሉም አብሮ የሚሄደው ከዚሁ እርሻ ላይ ተጠርጎ ነው። በነሐሴ ወር ጨሞጋ የሚይዘውን መልክ ያየ ሰው ስለ እርከን ሥራ የሚጻፈውን ደብዳቤ እያዛጋ አያነብም።

በዚህ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልናገር። ወጣት ሠራተኛ ሳለሁ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት የአንድ ገበሬ ማመልከቻ በእጄ ነበር። በክረምት ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሦስቱንም ጊዜ ቀሩ። ካርታ አውጥቼ ቀበሌያቸውን ፈለግሁና በማስመሪያ ለካሁት፤ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። «ባለመቅረባቸው ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ፤ በጽሕፈቴም ጥራት ደስ አለኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለመናፈስ በዚያው አቅጣጫ ወጣን። ዝናቡ ከተራራው ላይ ቀድሞን ዘንቦ ኖሮ ከጨሞጋ ገባሮች አንዱ ሞልቶ ደረሰብን። ድልድይ የለም። ከወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ ጭነት ካራገፈች አህያቸው ጋር ተቀምጠዋል። «ልጆቼ፣ ውሃው እስኪጎድል አረፍ በሉ፤ ትናንትና አንድ ወይፈን ወስዷል» አሉን። እስከ መቼ ይጎድላል ብለን ብንጠይቃቸው «እሱ ያውቃል፤ እኔ ለወግ ጉዳይ ወደ ከተማ ስወጣ ሁለት ቀን አድሬ የተመለስኩበት ጊዜ አለ» ብለው ሣቁ። ማስመሪያዬ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ከሽማግሌው ጋር እንጀራችንን ተካፍለን በላን፤ ከመሸ በኋላ እርጥብ ሆነን ተመለስን። ሰኞ ጧት መዝገቡን አስከፍቼ ቀጠሮውን ወደ ጥቅምት አዛወርኩት። ባለማመልከቻው ስለምን እንደተዛወረ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ይህ የአንድ ሰው ነገር ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ግን የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ሲበዛ ምን እንደሚያመጣ የጎጃም ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ገበሬው እንቢ አለ። ገማች እየተባለ የሚላከውን ሠራተኛ ገበሬው ያየው ርስቱን ለክቶ ሊወስድበት እንደመጣ ሰው ነበር። ከዋና ከተማው ሆኖ ዐዋጁን ያረቀቀው ግን ግብሩን እንደ ማሻሻያ ነበር የሚያየው። ነገሩ ጦር እስከ ማዝመትና ከአውሮፕላን ቦምብ እስከ መጣል ከደረሰ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው፣ ውዝፉም ግብር ተምሮ ቆመ። ያንን ሁሉ አንድ የእሑድ ሽርሽር ያድነው ነበር አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ርስት ማለት ለአንድ የሞጣ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ከደጁ ተቀምጦ፣ ጠላውን ጠጥቶ የሰማ ሰው ያን ዐዋጅ ሲያረቅ ብዕሩ በአንድ ሁለት ሥፍራ ሳይቆም ባልቀረ ነበር።

ተራራና ገደል የማይወድ ወጣት እንዳለ እናውቃለን። ለእርሱ የምሥራቅ ጎጃም አድባራት አሉለት። ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ስመ ጥር በሆነው የጤፍ አገር ውስጥ አልፎ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅ ማርያምን ያገኛል። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ደብረ ኤልያስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ፊደልና ቅኔ የተማሩት በነዚሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ማንኩሳንና ዲማን ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ በዐይኑ ያየው ስንቱ ይሆን? ቅኔ ቤት የደረሰ ሰው ተማሪዎቹን በአክብሮት ቢያነጋግራቸው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምረው እስከ መወድስ ያስረዱታል። በዩኒቨርሲቲ ዐራት ዓመት የተማረ ሰው፣ በቁራሽ እንጀራ እያደረ ከዚያ የበለጠ ዘመን በአንድ ትምህርት ላይ የቆየውን የቆሎ ተማሪ ሲያገኘው ጥቂት ዝም ማለቱ አይቀርም። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽም ከነድንጋይ ጥርቡ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ሩቅ ስለሆነ አንድ ቀን አይበቃውም፤ ማደሪያ አስቦ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ለሽርሽር የሚወጣውን ቀርቶ ለሕክምና የሚሄደውን መንገደኛ ከቤቱ ያስቀረበት ጊዜ አለ። ጧት የተከፈተ መንገድ ማታ ሲዘጋ ታይቷል። ስለዚህ ከላይ የጻፍነው ሁሉ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። ለመውጣት ያሰበ ሰው ዋዜማውን በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችን፣ ከሚሄድበትም አገር የሚያውቀውን ሰው ይጠይቅ። ሹፌሩ «ይቅር» ካለ ይቅር ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ከከተማው ሳይወጡ የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ማየት፣ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን እንዴት ደብረ ማርቆስ እንደተባለች ከሽማግሎች መጠየቅ ይቻላል። ሰላም ሲሆን ምን እንዳለን ማወቅ ግን ሰላሙን ይበልጥ እንድንመኘው ያደርጋል እንጂ አይጎዳንም።

ስለ አካሄዱም ጥቂት እንበል። በጎጃም ገጠር እሑድ ሰንበት ነው፤ ገበሬው ከቅዳሴ መልስ ነው ለወሬ የሚመቸው። በቅዳሴ ሰዓት ከደጀ ሰላም አጠገብ ሙዚቃ ከፍቶ የሚቆም ወጣት አይተን አፍረናል። ሴት እኅቶቻችን አብረው ከሆኑ የሚሄዱበት ገዳም ለሴት የተፈቀደ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ደርሶ ከበር መመለስ ለሁሉም ቅር ያሰኛል። ስንቅ ይዞ መሄድ ግድ ነው። የጎጃም ሰው እንግዳን ባዶ ሆዱን አይመልስም፤ ዐምስት ሆነው ድንገት ከደጁ የቆሙ እንደሆነ ግን ለልጆቹ ያስቀመጠውን ያቀርብላቸዋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክመው የወጡ ባዶውን ይዘው ይመለሱ፤ ሞልቶ ሳለ ያልከበደ ባዶ ሲሆን አይከብድም። ለጮቄ ካፖርትና ጫማ፣ ለዓባይ ባርኔጣና ውሃ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ለጮቄ አይመረጡም፤ ጭቃውና ጉሙ አያሳይም።

የማዘጋጃ ቤቱም ሆነ የዩኒቨርሲቲው ባለሥልጣኖች በዚህ ነገር የሚሠሩት አላቸው። ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አንጠይቅም። በወር አንድ እሑድ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ አንድ አውቶቡስ ለሮብ ገበያ ወይም ለደጀን ተመድቦ ተማሪውና ሠራተኛው የነዳጁን ዋጋ ተካፍሎ ቢሄድ፣ ከመልክዓ ምድር ወይም ከታሪክ መምህራን አንዱ አብሮ ቢወጣ፣ ከደጀን አፋፍ ላይም ዐምስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር ቢደረግ ይበቃል። አዲስ ተቀጥሮ ለመጣ ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር ውስጥ የሥራ ደንቡ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ ወረዳውን በእግሩ እንዲያየው አንድ ቀን ቢሰጠውስ?

አሁን የሚመጣው የጽጌ ወር ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ለዚህ አገር ከሁሉ ይመረጣል፤ ዝናቡ አቁሟል፤ ወንዙ ጠርቷል፤ ሜዳው በአደይ አበባ ተሸፍኗል፤ ገብሱም ገና አልታጨደም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው በሩቁ አይጀምር። ቁርሱን በልቶ፣ አንድ ጓደኛና አንድ ዱላ ይዞ፣ በእግሩ ጨሞጋ ድረስ ይውረድ፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሽቅብ ይመልከት። ሰማዩ ከጠራ ጮቄ ከዚያው ይታያል።